የማይለጠፍ ውጤት

በአማርኛ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል። እገሌ ጅማ ደረሰው፣ እገሊት ጎንደር ደረሳት ይባላል፤ ዕቁብና ዕጣ እንደሚደርስ ሁሉ። ቅጹን የሞላው፣ ሌሊት በሻማ ሲያነብ ያደረው ተማሪው ሆኖ ሳለ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ዩኒቨርሲቲው ነው። ነጥብ ግን ተማሪው ራሱ የሆነ ቦታ ሄዶ የሚያመጣው ነገር ነው፤ «ስንት አመጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ፈተናው ደግሞ ሰውን ይጥላል። ቤተሰብ ልጁን መደገፍ የተማረው በእነዚህ ሦስት ግሶች መካከል ነው፦ ነጥብ እስኪያመጣ ማገዝ፣ እስኪደርሰው መጸለይ፣ ከጣለው ማንሳት።

ቶሮንቶ ላይ እነዚህ ግሶች ሥራ ይፈታሉ።

ስካርቦሮ ውስጥ፣ 54 ቁጥር አውቶቡስ በሚያልፍበት በሎረንስ ጎዳና ምሥራቅ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት እናት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጸው ጀምሮ ልጇን አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ከረመች። «ውጤት የሚወጣው መቼ ነው?» ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። መልሷም አንድ ነበር። «እማዬ፣ እዚህ እንደሱ አይደለም።»

እናትየዋ ውጤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። በ1986 ዓ.ም. ደሴ ላይ፣ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት፣ ማትሪክ ተፈትናለች። ያኔ ነጥቡ ከ4 ነበር የሚያዘው፤ ከሁለት በላይ ማምጣት ወግ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን ወግ አይበቃም። ውጤት የመጣ ቀን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት በየደጃፉ ይቆማል፤ ውጤቱን የሚያነበውም ከወረቀት ሳይሆን ከአረማመድ ነው። ያለፈ እየሮጠ ይመጣል። የወደቀ ረጅሙን መንገድ ይዞ፣ ሰው የማይበዛበትን ሰፈር ዞሮ ይገባል።

እሷ ረጅሙን መንገድ ይዛ ገባች። ቤት ስትደርስ ዶሮው ተሠርቶ ነበር፤ ዶሮ ወጥ ለደስታም ለማጽናናትም ስለሚሆን እናቷ ውጤቱን ቀድመው ማወቅ አላስፈለጋቸውም። አባቷ ምንም አላሉም። አክስቷ «እንኳን ነፍስሽ ተረፈች» አሏት። ጎረቤት ቡናውን ጠጥቶ፣ የራሱንም ልጅ ውድቀት አንስቶ ጥሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እንደ ወትሮዋ ውሃ ቀዳች። በዓመቱ መምህራን ማሠልጠኛ ገባች፤ ኩታበር አካባቢ አንደኛ ደረጃ ስታስተምር ቆይታ ወደ ካናዳ መጣች። አሁን ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ታጸዳለች። ያ ቀን አሳፋሪ ነበር፤ ግን ሐፍረቱን ብቻዋን አልተሸከመችውም።

ኦንታሪዮ ውስጥ ያ ቀን የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚዘጋ ጠቅላላ ፈተና የለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያዩት የትምህርት ቤቱ መምህራን ራሳቸው የሰጡትን ነጥብ ነው፤ የስድስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቶች አማካይ፣ እንግሊዝኛ የግድ ገብቶበት። ከእያንዳንዱ ትምህርት 70 ከመቶው በሴሚስተሩ ሥራ ተይዞ ያልቃል፤ ለመጨረሻው ፈተናና ለማጠቃለያ ሥራ የሚቀረው 30 ነው። ማመልከቻው ሁሉ ጉዌልፍ ከተማ ባለ አንድ ማዕከል በኩል ያልፋል። በመነሻው ክፍያ ሦስት ምርጫ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ የፈለገ በየምርጫው ይጨምራል። መልሱ ሲንጠባጠብ ይከርማል፤ ለአንዱ በበረዶ፣ ለሌላው በግንቦት መጨረሻ፣ ለሁሉም ግን በየግል ስልኩ።

ይህች እናት ለፈተና ዋዜማ የሚደረገውን አንድ በአንድ ታውቃለች። ልጅቱን ከዕቃ አጠባ ማሳረፍ፣ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት፣ ስለት መሳል፣ ጠዋት ግንባሯን ስሞ መሸኘት። ጉልበቱ አለ፤ የሚውልበት ቀን ግን የለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ዓመቱ በሙሉ ዋዜማ ሆነ። ታናሽ ወንድሟ ቴሌቪዥን በከፈተ ቁጥር «እህትህ እያጠናች!» ይባላል። እህትየዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን እያየች ነው።

ፈተና የለም ማለት ግን ወንፊት የለም ማለት አይደለም። ወንፊቱ ቀደም ብሎ፣ ማንም ሳይጮኽ ነው የሚነፋው።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ፣ አንድ ቅጽ ወደ ቤት መጣ። ለዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ «አካዳሚክ» ወይስ «አፕላይድ» የሚል ምርጫ አለበት። ከሂሳብ ጎን የትምህርት ቤቱ ምክር ሰፍሯል፦ አፕላይድ። እናት ከሌሊት ሥራ ገና መመለሷ ነበር። «አፕላይድ ምንድን ነው?» ስትል ልጅቷ «በተግባር መማር» ብላ ተረጎመችላት። ትርጉሙ ስሕተት አልነበረም። ተግባረ እድን እያከበረ ላደገ ሰውም ተግባር ክፉ ቃል አይደለም። ፈረመች።

ቅጹ ያልነገራት፣ በአፕላይድ ሂሳብ የገባ ልጅ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃውን የላይኛው ክፍል ሂሳብ ለመድረስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ መንገድ መጥረግ እንዳለበት ነው። በሌላ አነጋገር፣ እንቅልፍ የጣላት እናትና የ13 ዓመት ልጇ በዚያች ጠዋት፣ ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ፣ ማትሪክ ተፈተኑ። አጽናኝ ጎረቤት አልመጣም፤ መፈተናቸውን ራሳቸውም አላወቁማ።

ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። የዮርክ ዩኒቨርሲቲው ካርል ጄምስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት የቶሮንቶን ትምህርት ቦርድ አኃዝ ዘርዝረው አሳይተዋል፦ ከነጭ ተማሪዎች 81፣ ከሌሎች ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎች 80 ከመቶው በአካዳሚክ መስመር ሲማሩ፣ ከጥቁር ተማሪዎች ግን 53 ከመቶው ብቻ ነበሩ። እንዲህ ያለ ልዩነት የልጆች ስንፍና አይፈጥረውም፤ በጥቂት ቃላት የሚሰጥ ምክርና ሳይገባው የሚፈርም ወላጅ ግን ይፈጥሩታል። ክፍለ ሀገሩ ይህን መለያየት በዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ላይ በ2021፣ በቀሪዎቹ ላይ በ2022 አስቀረ። ታናሽ ወንድሟ በዚያው መስከረም ዘጠነኛ ሲገባ የሚፈረም ወረቀት አልነበረም። በእሱና በእህቱ መካከል ያለው ሦስት ዓመት ነው።

እሷን ያወጣት የአንድ መምህር ኢሜይል ነው። ትምህርት ቤቶች በኮቪድ በተዘጉበት በ2020፣ «አንቺ በዚህ ክፍል ጊዜሽን እያጠፋሽ ነው» የሚል መልእክት ላከላት፤ በሐምሌ የሚሰጥ የመሸጋገሪያ ኮርስ መኖሩንም ነገራት። ሐምሌን በሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ ከፍታ ተቀመጠች። እናት አጠገቧ ሽንኩርት ትከትፋለች። አንድ ቀን ልጅቷ አንዲት እኩልታ ላይ ተቀርቅራ ብዙ ቆየች። እናት ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈችና «ይቺ ወዲያ ስትሻገር ምልክቷ ይቀየራል» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። እናቷ ሂሳብ እንደምትችል አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ በአማርኛ ተሠራ፤ ሲካፈል፣ ሲባዛ፣ ሲቀነስ። ስደት ከወላጅ የሚወስደው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሚወስደው ግን በልጅ ዓይን አዋቂ መሆንን ሳይሆን አይቀርም።

የተመለሰው ግን ለአንድ ሐምሌ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ዳግመኛ ልጅቷ እጅ ገባ። የይለፍ ቃሉ የእሷ ነው፣ ኢሜይሉ የእሷ ነው፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የምትተረጉመውም እሷ ናት። ደሴ ላይ ውጤትን ከባለቤቱ ቀድሞ ጎረቤት ይሰማዋል። ስካርቦሮ ላይ እናት የምታውቀው ልጇ የነገረቻትን ያህል ነው። ልጅቷ የራሷ ትምህርት ሚኒስቴር ሆነች፤ መግለጫ የምትሰጠውም ስትፈልግ ነው። አዋቂ የሚባሉ ሰዎች «ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ ተከታተሉ» እያሉ ወላጅን ሲወቅሱ፣ ጥያቄው ራሱ በማን ቋንቋ እንደሚጠየቅ የሚያስቡ አይመስሉም።

ማመልከቻው የሚዘጋው በጃንዋሪ አጋማሽ፣ በገናና በጥምቀት መሀል ነው። ልጅቷ ሦስት ቦታ ሞላች፦ መሀል ከተማ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ፣ ኦሻዋ በሚገኘው ኦንታሪዮ ቴክ ነርሲንግ፣ ከቤቷ ብዙ በማይርቀው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ስካርቦሮ ግቢ ደግሞ ላይፍ ሳይንስ። በዚያው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ከደሴ ስልክ ተደወለ።

የእህቷ ልጅ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈትኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት ቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው እስከ መሰረዝ ደርሷል፤ ኩረጃውም ከዓመት ዓመት ሲያነጋግር ቆይቷል። በዚህ ምክንያት በ2015 ተፈታኞቹ ከየቤታቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስደው፣ እዚያው አድረው ነው የተፈተኑት። ውጤቱ ሲገለጽ ከ896,520 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ሆኑ፤ 3.3 ከመቶ። ልጁ ከ700 ያመጣው 311 ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጀመረው በ2014 መስከረም ነበር፤ ጥቅምት ሳያልቅ ጦርነቱ ደሴ ገባ፤ ቤተሰቡ ደብተሩን ትቶ ወጣ።

«አላለፈም» አለች እህቷ።

«እንኳን ነፍሱ ተረፈች።»

«እሱስ ተመስገን።» ትንሽ ዝም ተባባሉ። «ያንቺዋስ? ስንት አመጣች?»

እናት ስንት እንዳመጣች አታውቅም ነበር። «እዚህ በየቀኑ ነው የሚያመጡት» አለች።

ከመቶ 97 ልጅ ሲወድቅ «ወደቀ» የሚለው ግስ ሌላ ባለቤት ሊፈለግለት ይገባል። ያም ሆኖ ያ ቁጥር ቢያንስ በአደባባይ ተነግሯል፤ አገር ሙሉ ተቆጥቶበታል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ካላለፉት የተሻለ ያመጡትን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ የሚያስተምር የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ተከፍቶ የእህቷ ልጅ ገባበት። የኦንታሪዮው ወንፊት ግን ድምፅ የለውም። መምህር የሚሰጠው ነጥብ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እንደሚለያይ ዩኒቨርሲቲዎቹም ያውቃሉ። የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ፋኩልቲ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጣውን ነጥብ የሚያስተካክልበት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2018 በዜና ወጥቶ ብዙ አነጋግሯል፤ ማስተካከያው የሚሰላው ቀደም ሲል ከዚያ ትምህርት ቤት የገቡ ተማሪዎች አንደኛ ዓመት ላይ ምን ያህል ነጥብ እንደወረደባቸው ታይቶ ነው። ልጅህ አይቷቸው በማያውቅ ልጆች ይመዘናል ማለት ነው። አንድ ቀን ያለ ርኅራኄ ከሚጥል ፈተናና ዓመታት ወስዶ በዝግታ ከሚያጣራ ዝምታ የትኛው ይሻላል ቢባል፣ መልሱ ውጤቱን ከሰማህ በኋላ ማን ቤትህ ይመጣል በሚለው ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የስካርቦሮው ግቢ መልስ ፌብሩዋሪ ላይ መጣ። ልጅቷ እናቷ ከሥራ ስትገባ ጠብቃ ነገረቻት። ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እናት ካፖርቷን ሳታወልቅ እልል አለች። ጎረቤቱ ግድግዳ ደበደበ። «ደረሰሽ! ስካርቦሮ ደረሰሽ!»

«አልደረሰኝም እማዬ። ትፈልጊያለሽ ወይ ነው የሚሉት።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ እናት ለቀናት አሰበችበት። ዩኒቨርሲቲ ሰውን ትፈልጊኛለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሰምታ አታውቅም። ለምን እሺ ብላ እንደማትጨርስም አልገባትም፤ የሚጠብቁት ነርሲንጉን መሆኑን፣ የመልሱም ቀን ጁን መጀመሪያ መሆኑን ልጅቷ አልነገረቻትም። ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሌሎች ልጆች ስም ከነዩኒቨርሲቲያቸው መነገር ጀመረ። «ያንቺዋ?» ሲሏት «እየመረጠች ነው» ትላለች፤ ቃሉ አፏ ላይ እንግዳ ነበር።

ማርች ላይ ልጅቷ ዝም አለች። ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። አንድ ከሰዓት እናት ለሌሊቱ ሥራ ከመተኛቷ በፊት በመስኮት ቁልቁል ስታይ፣ ልጇ ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድማ ወርዳ፣ በመኪና ማቆሚያው ጀርባ ዞራ፣ በበረዶው ላይ በዝግታ ስትመጣ አየች። ያንን መንገድ ታውቀዋለች። መስኮቱን ዘጋችና ወጥ ቤት ገባች። ሁዳዴ ስለነበር ዶሮ የለም፤ ሽሮ ተሠራ፣ ስልጆም ወጣ። ምንም አልጠየቀችም። ልጅቷ በልታ ስትጨርስ ብቻ «የትኛው ነው?» አለቻት።

«የመሀል ከተማው» አለች ልጅቷ፤ ከዚያ ታለቅስ ጀመር።

«እንኳን ነፍስሽ ተረፈች።»

«ሞቼ ነበር እንዴ?» አለች ልጅቷ፣ እንባዋ ሳይደርቅ። ፈሊጡን ሰምታው አታውቅም። ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ማታ እናት ስለ 1986ቱ ቀን፣ ስለ ረጅሙ መንገድና ስለ ዶሮው ለመጀመሪያ ጊዜ አወራቻት። ልጅቷ እናቷ «ለዩኒቨርሲቲ እንዳልፈለገች» ነበር የምታስበው።

ከዚያ በኋላ ኢሜይሎቹ ጮክ ተብለው መነበብ ጀመሩ፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

ኦንታሪዮ ቴክ በሜይ ሁለተኛ ሳምንት ተቀበላት። የእሺታው ቀን ጁን 1 በእኛ ግንቦት 24 ነው፣ የወሩ ተክለ ሃይማኖት። እናት ይህን ስታውቅ ነገሩ መልክ ያዘላት። ከዕለቱ በፊት ባለው እሑድ ቡና ተፈላ፣ ሰው ተጠራ። እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ አንድ ጋሽዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ፣ የጓደኛዋ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ልጅ። ልጅቷ አፍራ ነበር፤ ለእሷ ይህ የግል ጉዳይ ነው። ሰው ለነጥብ ተሰብስቦ አታውቅም። ቢሆንም ወረቀቶቿን አምጥታ ተቀመጠች።

ወሬው መጀመሪያ ስለ ገንዘብ ሆነ። የክፍለ ሀገሩ የተማሪዎች እርዳታ ኦሳፕ እ.ኤ.አ. በ2017 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያን የሚሸፍን ስጦታ ጀምሮ ነበር፤ በ2019 መንግሥት ሲቀንሰው የብድሩ ድርሻ ተመለሰ። ጋሽዬው «ብድር አገር ያስጥላል» አሉ። የሁለተኛ ዓመቱ ልጅ ስጦታና ብድሩን በወረቀት ለይቶ፣ የሁለቱን ግቢ ከነትራንስፖርቱ ደምሮ አሳያቸው። ኦሻዋ የጎ አውቶቡስ አለ፤ ይረዝማል፣ ግን ይደረሳል። «ነርሲንጉ ባይሆንላትስ?» ለሚለው ደግሞ እዚያው ስካርቦሮ ያለውን ሴንቴኒያል ኮሌጅ ጠቀሰ፤ ከዲፕሎማ ተነስቶ መውጣት እንደሚቻል። እናት በሩ ብዙ መሆኑን ስትሰማ እንደ መገላገል ቃጣት፤ ከዚያ ወዲያው ሁሉንም በር ልታውቀው ፈለገች፣ ታናሽየውም ስላለ።

ልጅቷ ኦሻዋን መረጠች። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋ ልትል የነበረውን እልልታ ልጇ አቋረጠው። ደብዳቤውን እያነበበ ነበር።

«ይሄን አይታችሁታል? ቅድመ ሁኔታ አለው። የመጨረሻ ነጥቧ እዚህ ከተጻፈው አማካይ በታች ከወረደ ሊሰርዙት ይችላሉ።»

«ከተቀበሏት በኋላ?» አለች እናት።

«ከተቀበሉኝ በኋላ» አለች ልጅቷ፤ ይህንንም ታውቀው ነበር። የሚያሰጋት ኬሚስትሪ ነው።

«የመጨረሻው ፈተና መቼ ነው?»

«ጁን 22።»

እናት ተነስታ ማቀዝቀዣው ላይ ከተለጠፈው የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ፊት ቆመች። በጣቷ ቆጥራ ሰኔ 15ን አገኘችና በእስክሪብቶ ከበበችው። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞራ ልጇን ቴሌቪዥኑን አጥፋ አለችው፤ የቡናውን ሲኒዎችም ከእህቱ እጅ ተቀብሎ እንዲያጥብ አዘዘችው።